የሀዋ እናትና ድምፅ የሌላት መኪና

እኔ የጂን ወሬ ሲጀመር ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሹፌር ጓደኞቼ መታጠፊያው ላይ እንዲህ አየን ሲሉ ሂዱና ተኙ እላቸዋለሁ፣ እና ይህን የምነግርህ ያው እኔ መሆኔን አስብልኝ።

ኢሕአዴግ ገና ሳይፈርስ ነው፣ በነዳጅም በባትሪም የሚሄድ ሃይብሪድ መኪና ደሴ ውስጥ ብርቅ የነበረ ጊዜ። ያክስቴ ልጅ አንዷን ከዱባይ አስመጥቶ እኔ እነዳለት ነበር። ስትቆም ሞተሯ በራሱ ይጠፋል፣ ቀስ ስትል በባትሪ ትንሸራተታለች፣ ዳገት ሲመጣ ወይም ባትሪው ሲደክም ደግሞ ሞተሩ ሳትነካው ይነሳል። ተሳፋሪ ሁሉ ጠፋችብህ እያለ ሲያሾፍብኝ ማስረዳቱ ሰልችቶኝ ነበር።

አንድ የክረምት ቀን ሀዋ የምትባል ልጅ መካነ ሰላም አድርስ ተባልኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ከሳውዲ መመለሷ ነው። እናቷ ካረፉ ወር አልፏቸዋል፣ እሷ ግን ኔትወርክ የለም እየተባለች አልሰማችም። አጎቷ በስልክ አደራ አሉኝ፣ ከጠየቀችህ ደህና ናቸው በላት፣ መርዶው ጠዋት በሽማግሌ ይነገራታል አሉ። ወጋችን ነውና እሺ አልኩ።

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። እናቴን ታውቃታለህ፣ እንዴት ናት አለችኝ፣ ደህና ናቸው አልሃምዱሊላህ ስል ሞተሩ ጸጥ አለ። ዳገት ላይ ነን እኮ። ባትሪው ሞልቶ ይሆናል አልኩ ለራሴ። አቀስታን አልፈን ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደህና ናቸው አልኩ፣ አሁንም ጠፋ፣ ያውም ከፊተኛው የባሰ ዳገት ላይ፣ መኪናዋ ግን ያለ ድምፅ ትወጣለች፣ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። ሦስተኛ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ስለ አሠሪዎቿ እኔው እጠይቃት ጀመር።

እሷ ግን ወሬውን ወደ እናቷ መለሰችው። በስልክ ሁልጊዜ፣ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንቺ መጣሽ ብዬ ከደጅ እወጣለሁ ይሏት ነበር። ስትነግረኝ ትስቃለች፣ እኔ መንገዱን አያለሁ።

ስንደርስ መሸት ብሎ ነበር። የአጎቷና የእናቷ ቤት ፊት ለፊት ነው። በባትሪ ተንሸራተን ማንም ሳይሰማን ቆምን። መኪናዋን አጥፍቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ ሻንጣዋን ላወርድ ወጣሁ፣ ሞተሩ ተነሳ። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መብራት የለም፣ ሞተሩ ግን ነዳጅ የተረገጠ ያህል ይጮሃል። ተመልሼ ማጥፊያውን ደጋግሜ ተጫንኩት፣ አልሰማኝም። የጎረቤቱ በር ተከፈተ፣ የአጎቷም ተከፈተ። ሀዋ የምታየው አንዱን በር ብቻ ነው። ኋላ ሞተሩ በራሱ ዝም አለ።

«ወንድሜ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ይሄን ሁሉ ድምፅ ሰምታ እናቴ ለምን አልወጣችም?»

ደህና ናቸው ማለት አቃተኝ። አጎቷን አየኋቸው፣ መሬት መሬት ያያሉ። ሀዋ ያን ጊዜ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች፣ ለጠዋት የተጠሩት ሽማግሌዎች ሳይመጡ ለቅሶው ተጀመረ።

መኪናዋን ለመካኒክ አሳየሁ፣ ምንም የለባትም አለኝ። አሁን የምነዳው የናፍጣ ሚኒባስ ነው፣ ካላጠፉት የማይጠፋ፣ ካላስነሱት የማይነሳ። ግን ከኋላ የተቀመጠ ሰው ስልክ አንስቶ ሁላችንም ደህና ነን ባለ ቁጥር፣ ሳላስበው ሬዲዮውን ቀንሼ ሞተሩን አዳምጣለሁ።