ቀይ ፕላስተር የሌለው ባትሪ

ፎቶ አንሺው መርጋ በገዛ ስቱዲዮው የኋላ ክፍል፣ ፊቱን ሲሚንቶው ላይ ደፍቶ ሞቶ የተገኘው እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ኢንስፔክተር ወርቅቱ ከአምቦ ገበያ ጀርባ ወዳለው ስቱዲዮ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግን ጣሪያው ሥር እንደተኛ ነው፤ በር ቢከፈትም አልወጣም። ውጭ የቆመው ሕዝብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ያ ዝቅታ ከጩኸት ይልቅ ያስፈራል።

ወርቅቱ ደፉን ከመርገጧ በፊት ትንሽ ቆመች። «ጌታ ሆይ፣ የማይታየኝን አሳየኝ» አለች በልቧ፤ ገባች።

ጠረጴዛው ላይ ቻርጀሩ ከሶኬቱ እንደተሰካ ቀልጧል። ላዩ ላይ አንድ የካሜራ ባትሪ ከስሏል። መጋረጃው እስከ ግማሹ ነዷል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ አዴ» አላት ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ኢፋ። «ኮፒ ባትሪ ሰክቶ ፈነዳበት። ደንግጦ ሲወድቅ ጭንቅላቱን የጠረጴዛው ጠርዝ መታው፤ የቀረውን ጭሱ ጨረሰው። አምቦ ውስጥ ኮፒ የሚሸጠው ሙሂዲን ብቻ ነው። ሱቁን አሽገን ጣቢያ አስገብተነዋል። ባናስገባው ሕዝቡ እሱንም ሱቁንም ያነድ ነበር።»

«መዝገቡ መቼ ይፈለጋል?»

«ነገ ማታ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ መድረስ አለበት።»

ወርቅቱ ክፍሉን ዞረችው። ግድግዳው ላይ ሟቹ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፦ «ኦሪጅናል ባትሪ እዚህ ይሰካል። ኮፒ በረንዳ ላይ፣ ጡብ ላይ ብቻ።» ከቻርጀሩ ጎን አንድ የወተት ጣሳ አለ፤ ውስጡ አንድ የባትሪ ክዳን፤ ክዳኑ መሐሉ ላይ ትንሽ መስኮት አለው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ካለው ቦርሳ ደግሞ ወገባቸው በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ አራት ባትሪዎች አወጣች። የከሰለውን በመሐረብ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ከሥሩ የጥፍር ያህል መለያ ወረቀት ተርፏል፤ ከጎኑ ደግሞ ሚስማር የበሳው የሚመስል ቀዳዳ አለ።

ማምሻውን ሐኪሙ ደወለላት። «ጉሮሮው ውስጥ ጥላሸት የለም፣ ኢንስፔክተር። ጭሱ ሲነሣ ይህ ሰው መተንፈስ አቁሞ ነበር።»

*

ሰኞ ጠዋት ወርቅቱ ከጣቢያው በር ላይ የሙሂዲንን ሚስት ሀጀራን የምግብ ሣህን ይዛ ቆማ አገኘቻት።

«ልጆቹን ትምህርት ቤት አላኳቸውም» አለች ሀጀራ። «የገዳይ ልጆች ይሏቸዋል። ዛሬ ካልተፈታ ከዚህ ከተማ እንወጣለን። ሃያ ዓመት የኖርንበትን ከተማ!»

ጣቢያው ውስጥ ሙሂዲን ካግዳሚው ላይ ተነሣ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ኮፒውን ኮፒ ነው ብዬ ነው የምሸጠው። ደንበኛ ሲመጣ “ኦሪጅናል ጥሩ ነው፤ የለኝም። ኮፒ ደህና ነው፤ አለኝ” እላለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?»

«ከመርጋ ጋር እንዴት ነበራችሁ፣ ኦቦ ሙሂዲን?»

«ሰው ፊት “የእሳት ነጋዴ” ይለኛል። ሰው ሲሄድ ደግሞ ከኔው ይገዛል! አራት ባትሪ ወስዷል። “አዲሱ ካሜራዬ ኮፒ አይቀበልም፤ አሮጌው ግን የሰጡትን ይበላል” ብሎ ስቆ ነበር።» እሱም ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ከባትሪው ጋር ሁልጊዜ አንድ ጥቅል ቀይ ፕላስተር ይወስዳል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።»

«የኮፒዎ ክዳን መስኮት አለው?»

«የለውም፤ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። መስኮት ያለው የኦሪጅናሉ ነው።»

«እሑድ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሱቄ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም፤ የሚገባ ሰውም የለም። ያየኝን ሰው ከየት ላምጣ?»

ሬሳውን ያገኘችው በስቱዲዮው ፎቶ የምታስተካክለውና የምታትመው መንበረ ናት። ስታወራ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«የሰርግ ጥሪ እያተምኩ ነበር። ማሽኑ ድርግም ሲል ኦቦ መርጋን ተሰናብቼ ቤቴ ሄድኩ፤ ልብስ አጠብኩ። በስድስት ሰዓት ብመለስ ጭስ…»

«ይህ ጣሳ ምንድን ነው?»

«የቤታችን ሕግ ነው። ባትሪ የሰካ ሰው ክዳኑን እዚያ ይጥላል፤ ስንት እንደተሰካ በክዳኑ እናውቃለን። እጃችን ለምዶት እኔ እቤቴ ድስት ስከፍት ጣሳ እፈልጋለሁ።»

«ደንበኛ ያውቀዋል?»

«ወደ ኋላ ክፍል ማን ሊያስገባው! ኦቦ መርጋ፣ ሸሪኩ ፊራኦልና እኔ ብቻ ነን።»

ወርቅቱ የተረፈችውን ቁራጭ መለያ አሳየቻት። መንበረ ፊቷ አመድ መሰለ። «የኛ ማተሚያ ወረቀት ይመስላል» አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ወርቅቱም አላጣደፈቻትም። ዝም ያለ ሰው ጊዜ ከተሰጠው ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል።

የመርጋ ሸሪክ ፊራኦል ጥቁር ለብሶ ከለቀስተኛ መሐል ወጣ።

«ከቅዳሜ ጀምሮ ግንጪ ሰርግ ላይ ነበርኩ። አምቦ የገባሁት እሑድ በሰባት ሰዓት ነው፤ ስደርስ አልቋል። በአራት ሰዓት ደውዬለት ነበር። “ባትሪ ሰክቼ እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው” አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ሆነ።» እንባውን ጠረገ። «ያን ነጋዴ ስንቴ አስጠነቀቅነው! ኦሪጅናል ቢሆን ኖሮ ዛሬ አጠገቤ ነበር።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው ወርቅቱ፤ የነገራትንም ቃል በቃል ጻፈችው።

*

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙሂዲን በሁለት ፖሊስ መሐል ገባ፤ ሀጀራ ከኋላው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። በሩን ሲያልፍ ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ ቆርቆሮውን መታው። ሁሉም ደነገጠ፤ ወርቅቱ ብቻ በሩን በእርጋታ ዘጋች።

«መርጋን ጭስ አልገደለውም» አለች። «ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው እሳቱ የተነሣው።»

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያገኘችውን ቦርሳ ከፈተች።

«ሁላችሁም “ኮፒ ገደለው” አላችሁ። መርጋ ከኦቦ ሙሂዲን የገዛው አራት ኮፒ ነው። እንዳይምታታበት ሁሉንም በቀይ ፕላስተር ጠቅልሏል። አራቱም ይኸው።» አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። «እንግዲህ የተቃጠለው አምስተኛ ነው። ቀይ ፕላስተር የለውም። ጣሳው ውስጥ ያለው ክዳኑም እንደ ኦሪጅናል መስኮት አለው፤ የኦቦ ሙሂዲን ኮፒ ክዳን መስኮት የለውም። መለያው የኦሪጅናል ነው፤ መለያው የታተመበት ወረቀት ግን የዚሁ ቤት ነው። መንበረ?»

መንበረ አለቀሰች። «መለያቸው ለተላጠ ባትሪዎች ነው ብሎ አሳተመኝ። ሲበዛ ጠረጠርኩ። ቅዳሜ ማታ ለኦቦ መርጋ ነገርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው!»

«ማን ነው ያሳተመሽ?»

ዓይኗ ወደ ፊራኦል ሄደ።

«የጉደርና የግንጪ ፎቶ አንሺዎችን ጠየቅሁ» አለች ወርቅቱ። «በዚህ ስቱዲዮ ስም ኦሪጅናል ተብሎ የተሸጠላቸውን ባትሪ ካሜራቸው አልቀበልም ብሏቸዋል። መርጋ ይህን ለሁሉም ሊናገር ነበር። ዝም እንዲል የፈለገ ሰው ነበረ ማለት ነው።»

«እኔ ግንጪ ነበርኩ አልኩሽ እኮ!» አለ ፊራኦል፤ አክብሮቱ ከአፉ ወደቀ።

«የሙሽራው ቤተሰብ እሑድ ለመልሱ ፎቶ አንሺ ሲጠብቅ ውሏል፤ አልመጣህም። ግን እሱን እንተወው። ገዳዩ ባትሪውን በሹል ነገር ወግቶ አቃጠለው። ከዚያ አደጋ እንዲመስል ቻርጀሩን ሰካ። ሲሰካ ደግሞ እጁ እንደለመደው ክዳኑን ጣሳው ውስጥ ጣለ። ኦቦ ሙሂዲን ይህን ጣሳ በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም።»

«ክዳኑን መርጋ ራሱ ሊጥለው ይችላል! መንበረም ትችላለች!»

«ትክክል። አሁን ያንተን ቃል ላንብብልህ።» ማስታወሻዋን ገለጠች። «“በአራት ሰዓት ደውዬለት ነበር። ባትሪ ሰክቼ እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው አለኝ።” እንዲህ ብለሃል?»

«ብያለሁ። ስልኩን እይው፤ ደውያለሁ!»

«መደወልህን አይቻለሁ። ብቻውን መሆኑን ልታረጋግጥ ነበር። ፊራኦል፣ እሑድ በዚህ መስመር መብራት ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ተኩል አልነበረም። የመብራት ኃይል መዝገብ አለኝ። መንበረ ቤቷ የሄደችው ለዚህ ነው፤ ኦቦ ሙሂዲን ጨለማ ውስጥ የተቀመጡት ለዚህ ነው። መርጋ በጠፋ መብራት ባትሪ ሰክቶ እስኪሞላ ይጠብቃል? እሑድ አምቦ የዋለ ሰው ይህን ውሸት አይዋሽም። አንተ በሰባት ሰዓት ከሰው ጋር ስትመጣ መብራቱ መጥቷል። ቻርጀሩንም የሰካኸው ባትሪው ከነደደ በኋላ ስለሆነ፣ የቻርጀሩ ትንሽ መብራት አለመብራቱ አላሳሰበህም።»

ፊራኦል ወደ በሩ ተመለከተ። ሳጅን ኢፋ እዚያ ቆሟል፤ በእጁ የፊራኦልን የካሜራ ቦርሳ ይዟል። ከፈተው። ስምንት ባትሪዎች፣ አዲስ መለያ የተለጠፈባቸው።

«ለምኜው ነበር» አለ ፊራኦል ድምፁ ተሰብሮ። «አንድ ቀን ስጠኝ አልኩት። “ኮፒ ኮፒ ከተባለ ነውር የለውም፤ አንተ ግን ሰውን በስሜ አታለልክ” አለኝ። ጀርባውን ሰጠኝ። የፎቶ መብራት ማቆሚያው ብረት እጄ ላይ ነበር።»

ሲወስዱት ውጭ ያለው ሕዝብ መንገድ ለቀቀ። ሙሂዲንን ያየ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

ወርቅቱ የሱቁን ቁልፍ ሰጠችው። እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አራት ባትሪዎች እያየ ቆመ።

«ፕላስተሩ ለዚህ ነበር ለካ» አለ። «ሰው ፊት ሲሰድበኝ፣ እቤቱ ሐቄን ለይቶ አስቀምጦልኛል።»

ጸሐይ ሳትጠልቅ የሱቁ እሽግ ተነሣ። ሙሂዲን ሂሳብም አልቆጠረ፣ አቧራም አልጠረገ። ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል ቀይ ፕላስተር አወረደ። ሀጀራ መቀስ ያዘችለት። በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ኮፒ ባትሪ በሙሉ አውጥቶ፣ እያንዳንዱን ወገቡ ላይ እየጠቀለለ መለሰው።