ጠንካራው መሬት

ሙሄ ከፒክአፑ ጎማ አጠገብ ተንበርክኮ በስንጥር ያስተነፍሳል። ሀናን የጎማዎቹን ክዳኖች በመዳፏ ጨብጣ ትጠብቀዋለች። አሸዋ ላይ የሚያልፈው የላላ ጎማ ነው፤ የጠነከረው ይሰምጣል። ይህን ያስተማራት እሱ ነው።

የተዋወቁትም በዚሁ ነው። የምትሠራበት ቤተሰብ ከሳዑዲዋ የድንበር ከተማ ከአል-ሙወሰም ወጣ ብሎ ለሽርሽር በሄደበት ዕለት መኪናቸው አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። በአቅራቢያው ካለ የግመል በረት አንድ ቀጭን የወሎ ልጅ መጥቶ፣ ማንንም ሳያናግር፣ ጎማዎቹን አስተንፍሶ አወጣላቸው። በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ ወረቀት የሌለው ልጅ ነበር። አስፋልት አይረግጥም። ለግመሎቹ በፒክአፑ በበርሜል ውሃ የሚያመላልስበት አሸዋ ግን የእሱ ከተማ ነበር። መኪና መንዳትም ያለማመዳት እዚያው ነው።

«ሹፌር ነኝ አትበል፤ ግመል ጠባቂ ነህ» ትለው ነበር።

«ግመሎቹም የሚሉኝ ይህንኑ ነው» ይላታል፣ ሳያያት።

ዘንድሮ የየመኑ ጦርነት መድፍ ወደ ድንበሩ መንደሮች ቀረበ። ቤተሰቡ ነገ ወደ ሪያድ ይሄዳል፤ ሀናንም አብራ ትሄዳለች። ዛሬ ግን አሠሪዎቿ፣ ባባና ማዳም፣ ጂዛን ወርደዋል። በአል-ዓሪዳ ተራራ ግርጌ ባለው እርሻ ሼህ ቃሲም ኒካሃቸውን ሊያስሩላቸው እየጠበቁ ነው። ከዚያ በኋላ የትም ብትሄድ ሚስቱ ሆና ነው የምትሄደው። በአስፋልቱ ፍተሻ አለ፤ ወረቀት የሌለውን ጭኖ የተገኘ አብሮ ይታሰራል፣ አብሮ ይጠረዛል። ስለዚህ በአሸዋው።

«መሪውን አንች ያዥው» አላት ሙሄ ተነስቶ።

«ዛሬ እንኳ እንደ ሙሽራ አልቀመጥም?»

«ሙሽራ ሆነሽ ንጅ።»

ብዙ መንገድ ሄዱ። እሷ አሸዋውን ታያለች፤ እሱ በእሱ በኩል ያለውን ስፖኪዮ። ከመጨረሻው ትልቅ ጉብታ በታች ድንገት እንድታቆም ነገራት።

«መኪናው ከብዷል። እኔ በእግሬ እመጣለሁ። አንች እግርሽን ከነዳጁ ሳታነሽ ውጭው። ማዶው ጠንካራ መሬት ነው፤ እዚያ ጠብቂኝ።»

«አብረን ብንወጣስ?»

«ከሰመጥን ሼህ ቃሲም ተናደው ይተኛሉ» አለና ሳቀ። ማርሹን የያዘውን እጇን በእጁ ሸፈነው። «ያላ» ብቻ ብሎ ወረደ።

ጉብታውን እየወጣች በስፖኪዮ አየችው። የጎማዋን ዱካ ተከትሎ አልነበረም የሚሄደው፤ ወደ አስፋልቱ በኩል ነበር። አቋራጭ ያውቃል ብላ አሰበች።

ጠንካራው መሬት ላይ ደርሳ ሞተሩን አጠፋች። ጠበቀች። ሳይመጣ ሲቀር ጉብታውን በእግሯ ተመልሳ ወጣች።

ታች የድንበር ጥበቃ መኪና ቆሟል። ሙሄ ከኋላው ላይ እጁን ታስሮ ተቀምጧል። ብትጣራ ይሰማት ነበር። ፊቱን ወደ ድንበሩ አድርጎ፣ መኪናው እስኪሄድ ድረስ፣ አንዴም ወደ ጉብታው አልዞረም።

ያኔ የውሃው በርሜሎች ትዝ አሏት። ይህን ጉብታ ሁለት ሆነው፣ በርሜሎቹን ሞልተው፣ ስንቴ ተሻግረውታል። ከብዷል ያለው ውሸቱን ነበር። የጥበቃ መኪናውን አቧራ በስፖኪዮው ቀድሟት አይቷል።

ወደ ፒክአፑ ወርዳ የእሱን ባዶ ወንበር አየችው።

«ብትጠይቀኝ» አለችው፣ «ጥለሽኝ ሂጅ ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር።»

ስልኳ ጠራ። ሼህ ቃሲም ነበሩ፤ ሙሽሮቹ የት ደረሳችሁ አሏት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አይጠብቁን» አለች።

ወደ ቤት የሚወስዳት አስፋልቱ ነው። ሴት መንዳት ከተፈቀደ ወዲህ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ ይዛ ብቻዋን የምታልፍን ሴት ማንም አያስቆማት ይሆናል። በላላ ጎማ ግን አስፋልት አይኬድም፤ ይህንንም ያስተማራት እሱ ነው። የጎማ መንፊያውን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኝታ ጎማዎቹን ተራ በተራ ነፋች። ክዳኖቹን ከኪሷ አውጥታ አንድ በአንድ አጠበቀች። ከዚያ ቱቦውን ጠቅልላ በእሱ ወንበር ሥር አስቀመጠችው።