ባዶ መኪና የተሸከመው ድልድይ

መኪናው ድልድዩን ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ሽቦ ዓይኗን ጨፈነች። ይወድቃል ብላ ፈርታ አይደለም፤ እንደማይወድቅ ስለምታውቅ ነው።

«አለፈ! አቦ፣ ንቅንቅ እንኳ አላለም!» አለ ብሎን ከወንበሩ እየዘለለ።

ስሙን ያወጣላቸው ክፍሉ ነው። እሷ ረጅምና ቀጭን ስለሆነች «ሽቦ»፣ እሱ አጭርና ደንዳና ስለሆነ «ብሎን»። የኮምፒዩተር መምህሩ የድልድይ ሥራ ጌም ውድድር ሲያዘጋጁ ሁለቱን ያጣመሯቸው ስማቸውን አይተው ሳይሆን አይቀርም። ጌሙ ሲያዩት ቀላል ነው። ወንዝ አለ፤ እንጨትና ብረት ይሰጥሃል፤ ድልድይህን ትሠራለህ። ከዚያ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ይመጣና ልክህን ያሳይሃል።

ባለፈው ሳምንት የክፍሉ ድልድዮች ሁሉ ተራ በተራ ወንዝ ገቡ። የእነሱ ብቻ ቆመ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ መምህሩም «ወላጆች ሲመጡ የምናሳየው ይኼንን ነው» አሉ። ያ ቀን ዛሬ ነው። ወላጆቹ አዳራሽ ተቀምጠው የርዕሰ መምህርቷን ንግግር እየሰሙ ነው፤ እንዳለቀ ሽቦና ብሎን ወደሚለማመዱበት ወደዚህ ክፍል ይመጣሉ። የርዕሰ መምህርቷ ንግግር እንዳያልቅ የጸለየ ተማሪ ከሽቦ በፊት ተፈጥሮ አያውቅም።

ምክንያቱም ያ መኪና ባዶ ነው።

በጌሙ ውስጥ ክብደት የበዛበት ብረት ቀይ ይሆናል። ሽቦ ድልድዩን ስትሞክር ያለ ጭነትም የሚቀላ ብረት እንዳለ ለማየት ጭነቱን አወረደች፤ መልሳ መጫኑን ግን ረሳችው። ስህተቷን ያየችው ከጭብጨባው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብሎን በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ አንደኛ ወጣን!» እያለ በስልክ ይጮህ ነበር። ብሎን ሰልፍ ላይ በቁመቱ ምክንያት ከፊት ከመቆሙ በቀር በምንም ነገር አንደኛ ሆኖ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ እናቱም ዛሬ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል።

«ብሎን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳትጮህ ግን።»

«ላፕቶፑ ቻርጅ የለውም እንዳትዪኝ ብቻ!»

«መኪናው ባዶ ነው። ጭነቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሙሉውን ጭኜ ሞክሬዋለሁ፤ መሃል እንኳ አይደርስም።»

ብሎን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«በማግስቱ ነው ያየሁት። ክፍሉ ሁሉ ‹ኢንጂነሯ› ሲልሽ ደስ ያለሽ መስሎኝ ነዋ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ደስ ያለኝ? መደበቂያ እየፈለግኩ ነበር እኮ! ታዲያ ቅድም ምን ያስጮህሃል?»

«አንቺን ደስ እንዲልሽ! እኔማ ምግብ ሁሉ ዘግቶኝ እማዬ ‹ይኼ ልጅ ታሟል› ብላ ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ነበር።»

ተያዩ። መጀመሪያ ብሎን ፈነዳ፤ ሽቦ ተከተለችው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሽቦ ሳምንቱን ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ የሄደ ያህል ቀለላት።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ።

«ባዶውን ብናሳያቸው ማንም አያውቅም» አለ ብሎን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እማዬ አንዴ ካጨበጨበች ሰፈሩ እስኪሰለቸው ነው የምታወራው። እኔና አንቺ እንቅልፍ የለንም።»

ሽቦ ጭነቱን መለሰች።

«የነገ መሐንዲሶቻችን!» አሉ ርዕሰ መምህርቷ እየገቡ፣ ወላጆቹንና የኮምፒዩተር መምህሩን ከኋላቸው አስከትለው።

«ቲቸር» አለች ሽቦ ወደ መምህሩ ዞራ። «ያን ቀን ያለፈው መኪና ባዶ ነበር። ጭነቱን አውርጄ መመለሱን ረስቼ ነው። ይኼኛው ሙሉ ነው።»

መምህሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል ሳይወጣቸው ግን እሷ ማውሱን ተጫነች። መኪናው ድልድዩ ላይ ወጣ። ብረቶቹ እንደ በርበሬ ቀሉ። ድልድዩ እንደ ደከመው ሰው ጉልበቱን አጠፈና መኪናው በአፍንጫው ተደፍቶ ወንዙ ውስጥ ገባ።



«ውይ በሞትኩት! ሹፌሩስ?» አሉ የብሎን እናት።

«ሹፌር የለውም እማዬ። ጌም እኮ ነው።»

«የለውም? እፎይ! ታዲያ ምን ታስደነግጡናላችሁ? ሰው ካልሞተ ድጋሚ ይሠራላ! እኔስ ስንቱን እጅጌ ፈትቼ ሰፍቼ የለ?»

ወላጆቹ በሳቅ ወደቁ። መምህሩ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «እንግዲህ የከነገ ወዲያ መሐንዲሶቻችን እንበላቸው» አሉ። «አንደኝነቱ ተሰርዟል። የክፍሉ ድልድዮች ሁሉ ወንዝ ውስጥ ስለገቡ ውድድሩ እንደ አዲስ ይጀመራል።»

እንግዶቹ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲያልፉ ብሎን እናቱን አልተከተለም። ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ ሳብ አደረገ።

«መሰበር የጀመረው ከመሃል ነው» አለ።

«አይቻለሁ። መሃሉን ብቻ እንጠግነው?»

ብሎን ትከሻውን ሰበቀ። ሽቦ ያን ሁሉ ጭብጨባ ያስገኘውን ድልድይ ትንሽ አየችውና ሙሉ በሙሉ አጠፋችው። ስክሪኑ ላይ ወንዙ ብቻ ቀረ። እንዲህ ጠባብ መስሏት አያውቅም።