ውሃው የት ገባ

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ አምቦ ኑና ልጄን እዩዋት። የጀመረው ሐምሌ 2015፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

አመለሸጋ እባላለሁ። በአንድ ኮሌጅ የሸክላ ወርክሾፕ እሠራለሁ። ፕሪንተራችን ጭቃ እንደ ክር እያወጣ፣ ዙር በዙር እየደረበ የውሃ ማጣሪያ ይሠራል። ጭቃው ውስጥ የጤፍ ገለባ አለ። እቶን ውስጥ ገለባው ይቃጠልና በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይተዋል።

ያን ሰሞን ልጄ ሃዋኒ ኩላሊቷን ታማ ነበር። ሐኪሙ ንጹሕ ውሃ በብዛት ትጠጣ አለኝ። የቧንቧው ውሃ ድፍርስ ነው... የታሸገው ደግሞ ከአቅሜ በላይ። ጨንቆኛል።

ማጣሪያ ልሠራላት ስል አፈር አለቀ።

ጥግ ላይ ግን አንድ ጆንያ ነበር። ለባልደረባዬ ለኢፋ ደወልኩ። ጊንጪ ስለነበር ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"ይሄ ጥግ ያለው አፈር የምንድን ነው?"

"ላፋ... አባ ኮ..."

ተቋረጠ።

በኦሮምኛ የአባቴ መሬት ማለቱ ነው ብዬ ተረዳሁ። ከአባቱ እርሻ ያመጣው መሰለኝ። ነጫጭ ፍርፋሪ ነበረበት። ኖራ ነው ብዬ አብሬ ፈጨሁት።

በሳምንቱ ማጣሪያው ከእቶን ወጣ። ጠዋት ውሃ ሞላሁበት።

ከሰዓት በኋላ ባዶ ነበር።

ከሥሩ ያለው ባልዲ... ደረቅ። ወለሉም ደረቅ።

ደግሜ ሞላሁና ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ጉጭ... ጉጭ...

ሰው ውሃ ሲውጥ የሚሰማው ድምፅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጠብ ጠብ አለ። ለሃዋኒ አጠጣኋት። ምን ላድርግ? ጠምቷት ነበር።

ኢፋ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ጥጉን ነው።

"ያ አመለሸጋ፣ ጆንያው የታለ?"

"ሠራሁበት። የአባትህ መሬት አይደል?"

"ላፋ አላልኩም" አለ በሹክሹክታ። "ላፌ ነው ያልኩት። አፅም። የአባቴ አፅም። መቃብሩ ለመንገድ ተነሥቶ... እናቴ እንዳታየው ብዬ ነው እዚህ ያስቀመጥኩት። እሑድ ልንቀብረው ነበር።"

ማጣሪያውን አይቶ ቁጭ አለ።

"ሲሞት ውሃ፣ ውሃ እያለ ነው። በሐኪም እንዳትሰጡት ተብለን... የከለከልኩት እኔ ነኝ።"

እሑድ ማጣሪያውን ወስዶ ቀበረው። ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ይኸው ዛሬም ሃዋኒ አጠገቤ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

"እማ... ጠማኝ።"

ራስጌዋ ያለውን ብርጭቆ አነሣሁ። አሁን ነው የሞላሁት። እሷ አልነካችውም።

ደረቅ ነው።