ሄቨን ለእናቷ የጻፈችው

ሄቨን የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአክስቷ ከወይዘሮ ሸጋዬ ጋር ትኖራለች። እናቷ ቡሬ ሄዳ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ቡሬ ሩቅ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እናቱ ለናፈቀችው ልጅ ግን በጣም ሩቅ ነው።

ሌላም ችግር አለ። እናቷ ከታመመች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም፤ በስልክ ማውራት አይችሉም። ስለዚህ ሄቨን ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ አክስቷ በስልክ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። እናቷ ስትሄድ፣ “ራስሽ ጻፊልኝ፤ እንደ ድሮው አውሪኝ” ብላት ነበር።

ሄቨን ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ታወርደዋለች። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ቃል ጻፊ ስትባል ግን ግራ ይገባታል። ስለዚህ የአክስቷን ልጅ እስከዳርን አስጻፈቻት። “ውድ እናቴ ሆይ፣ እንደ ሰማይ ከዋክብት የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ” የሚል ነበር። ሄቨን አሳምራ ገለበጠችው፤ አክስቷም ላኩት። እናቷ ራስሽ ነሽ ወይ የጻፍሽው ብላ በስልክ መልእክት ስትጠይቃት፣ አዎ ብላ መለሰች።

በማግስቱ ከእናቷ ሌላ መልእክት መጣ። “ጽሕፈትሽ ያምራል፣ ልጄ። አንቺን ግን አጣሁበት።”

ሄቨን አለቀሰች። ናፍቆቷን ልትነግራት ፈልጋ የሰው ሰላምታ ነበር የላከችላት።

“እትዬ፣ እማዬን ዋሸኋት” አለች።

ወይዘሮ ሸጋዬ አልተቆጡም። እንባዋን ጠረጉላትና የምትፈልጊውን ቃል ቀስ ብለሽ በይው አሏት። “መጀመሪያ የሰማሽውን ጻፊ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ጆሮሽን አታጣድፊው።”

“ና” አለች ሄቨን፤ ጻፈች። “ፈ” አለች፤ ጻፈች። “ቅ” ላይ ስትደርስ ድምፁ ጠፋባት። ቃሉን ደጋግማ ስትለው አገኘችው። ከሰዓት በኋላው በሙሉ በዚህ አለቀ። ፊደሉ ተዛንፏል፣ አንዳንዱም ጎድሏል። እንዲህ ይላል፦

“ናፈቅሽኝ። ጥርሴ ወለቀ። የበፊቱ የእስከዳር ነው፣ ዋሸሁሽ። ሻርፕሽን አቅፌ ነው የምተኛው።”

አክስቷ ሳያርሙ ላኩት። እናቷም መለሰች፦

“ይቅር ብዬሻለሁ። ደጋግሜ አነበብኩት። አጠገቤ ቁጭ ብለሽ የምታወሪኝ መሰለኝ። የትኛው ጥርስሽ ነው?”

ልጆች፣ ያማረ የሰው ቃል ወስዳችሁ የራሴ ነው ከምትሉ፣ ጎዶሎም ቢሆን የራሳችሁን እውነት ጻፉ፤ እግዚአብሔርም የሚወደው እሱን ነው።