ለሞተ ጎዳና በጀት የለም

በ2140 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በዋቢ ከተማ ጨፌ ሰፈር የመንገድ በጀት ባለሙያዋ ውዳላት፣ የዕድሩ ዳኛ አቶ ጫንያለው እና የመንገድ ፈላጩ መኪና ጠባቂ ሲራክ ተገኝተው ነበር። ለቀስተኛው ከነልጆቹ ጎዳናው መሀል የተተከለውን ድንኳን ሞልቶታል።

ጎዳናው እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። የዋቢ አስፋልት ሕያው ነው፤ ሲሰነጠቅ እንደ ቆዳ ራሱ ይገጥማል፣ መኖም ይበላል። መኖው ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ቀማሪ የሚባለው የከተማዋ የስሌት አእምሮ በየዓመቱ እየመዘነ የአርባ ዓመት የጥገና በጀት ሲያወጣ ብዙ የሚረገጠውን ጎዳና ያጠግባል፤ የማይረገጠውን «ሙት» ብሎ ያስፈልጠዋል። ስብርባሪው ለሌሎቹ መኖ ይሆናል። ይህን ሥራ የሚሠራው ፈላጭ፣ ቤት የሚያህል ባለ ብረት ጥርስ መኪና ነው። መንገድ እንጂ ሰው አያይም።

«ልጄ፣ ሬሳ የቀበርነው ገና ትናንት ነው» አሉ አቶ ጫንያለው። «በቆመ ድንኳን ላይ ነው እንዴ ፈላጩን የምትለቁብን?»

«አባባ፣ ጎዳናው ክረምቱን ሙሉ አንድም ከባድ ምት አላስመዘገበም» አለች ውዳላት።

«ክረምቱን ሙሉማ ወረርሽኙ ሲፈጀን ድንኳኑ መቼ ተነቀለ? የአንዱን ሳንጨርስ የሌላው! መኪና በየት ይለፍ፣ በለቅሷችን ላይ?»

ውዳላት ክው አለች። ዕቅዱ ላይ የፈረመችው እሷ ናት። ጎዳናው የሚቆጥረው እንደ መኪና ጎማ ያለ ከባድ ምትን ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ገብቶ ፍራሽ ላይ ቁጭ የሚል ለቀስተኛ ደግሞ አይመታም።

«ሲራክ፣ አቁመው!»

«በምን ላቁመው፣ እትዬ? ጠባቂዎቹ ጉቦ እየበሉ ያቆሙታል ብላችሁ ማቆሚያውን የነቀላችሁት እናንተ!»

ፈላጩ ተንቀሳቀሰ። ጥርሱ የድንኳኑን ገመድ ነክሶ ምሰሶውን ሲነቅለው ድንኳኑ ውስጥ ባሉት ላይ ተደፋ። ገመዱ የአቶ ጫንያለው እግር ላይ ተጠምጥሞ ጎተታቸው፤ ጥርሱ ጉልበታቸውን ሲያደቅ ጩኸታቸው የለቀስተኛውን ዋይታ ዋጠው። የተገሸለጠው አስፋልት ጥቁር ወዝ ከደማቸው ጋር ተቀላቀለ።

ውጭ የነበሩት ወንዶች የድንኳን ብረት ይዘው ፈላጩን ቀጠቀጡት። ብረቱ ታጠፈ፤ ከፈላጩ እየነጠረም አስፋልቱን መታ። ውዳላት ግን መዳፏ ላይ ባለው መስተዋት የጎዳናው ምት ከዜሮ ሲነሣ አየች። ከፈላጩ ሌላ መቶ ምት ከሞላ ቀማሪው «ሕያው» ይለዋል፤ ፈላጩም ይቆማል።

«መሬቱን ርገጡ! መሬቱን!» ብላ ጮኸች።

የሰማት የለም። ሰዉ ሲራክን አግኝቶታል።

«ይኼ ነው የነዳብን!»

«ወንድሞቼ፣ የሰፈራችሁ ልጅ አይደለሁም እንዴ?»

«እሱ ነው የሚያንገበግበን!» አለና አንዱ በብረቱ አፉን መታው። ሲራክ ጥርሱ ረግፎ ወደቀ። በተረከዝ፣ በብረት፣ በድንጋይ ተረባረቡበት። እሱን የሳተው ሁሉ አስፋልቱን ይመታል። ቁጥሩ ሽቅብ ገሰገሰ።

«በሕግ አምላክ!» የሚለውን ቃል የዋቢ ሰው ዛሬም ይፈራል፤ ሲሰማ እጁን ይሰበስባል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ፈላጩ ግን ድንኳኑ ሥር ከሚንፈራገጡት ሴቶችና ልጆች ሁለት ክንድ ያህል ቢቀረው ነው፤ ቁጥሩም ገና አልሞላም።

ሲራክ በአንድ ዓይኑ አያት። አፏን ዘጋች።

ከዚያ ፈላጩ ጥርሱን አጥፎ ቆመ።

«በሕግ አምላክ!» አለች ያን ጊዜ። ሰዉ ወዲያው ተወ። አንድ ሰው እንኳ አልተከራከራትም።

ሲራክ ሳይመሽ ሞተ፤ እዚያው ጎዳና ላይ ድንኳን ተተከለለት። ጨፌ ሰፈር የአርባ ዓመት በጀት አገኘ። በተከታዩ የምዘና ሰሞን «ሙት» የተባሉት የሌሎቹ ሰፈሮች ነዋሪዎች ብረት ይዘው ወጥተው በየጎዳናቸው ላይ መደባደብ ጀመሩ፤ ቀማሪውም ጎዳናዎቹን አንድ በአንድ «ሕያው» ብሎ መዘገባቸው።