ያልታከመው ሰው ደም

ሰዓት ሠሪው የሞተው ሥራው ላይ ነው፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ። ከአባቱ የወረሰው ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነበረበት፤ አባትየውም በዚሁ ዕድሜ ነው የተቀበሩት። የልጁን ደም ሥር ግን በየቀኑ የሚውጠው የኮሌስትሮል መድኃኒት ለዓመታት ጠብቆለት ኖሯል። ከሁለት ዓመት ወዲህ የአንገቱ ደም ሥር መጥበብ ጀመረ፤ አሁን የልቡ ተዘጋ። በደሙ ውስጥ የመድኃኒቱ ርዝራዥ እንኳ አልተገኘም። ሐኪሙ ግራ ቢገባው አንዲት የፖሊስ መርማሪ አስጠራ።

«በየጠዋቱ ዓይኔ እያየ ነው የሚውጠው!» አለች ሚስቱ።

መርማሪዋ የክኒኑን ብልቃጥ ገለበጠችው። ከውስጡ የወጣው ተራ ቫይታሚን ነው።

«ይህን ማን ይነካዋል?»

«እኔ፣ እናቱ፣ ወንድሙ። አብረን ነው የምንኖረው።»

ወንድምየው የክሬን ኦፕሬተር ነው። «እኔ እንኳ ክኒን የሚባል በአፌ ዞሮ አያውቅም» አለ እየሳቀ። ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ የተረከዙ ጅማት እንደ ሟቹ አብጧል። ይህ ኮሌስትሮል ጅማት ላይ ሲከማች የሚመጣ ምልክት መሆኑን መርማሪዋ ከሐኪሙ ሰምታ ነበር። ሕመሙ የዘር ነው ብላ የሁሉንም ደም አስመረመረች።

በሦስተኛው ቀን በሰዓት ሠሪው የሥራ ክፍል ሦስቱን ሰበሰበቻቸውና በሩን ዘጋች። መስኮት የለም፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ቆሙ።

«ሊገድለው ብቻ የፈለገ ሰው ክኒኑን ይጥለዋል» አለች። «አንዳችሁ ግን ውጣችሁታል። እናትየው ሕመሙ የለባቸውም። ሚስትየዋም የለባትም። አንተ ግን አለብህ፤ ተረከዝህ ይመሰክራል። ደምህ ደግሞ የታከመ ሰው ደም ነው። ክኒን ሳትቀምስ ኮሌስትሮልህን ምን አወረደው?»

«ጸሎት» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። የሳቀ የለም።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለችው።

ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «መሥሪያ ቤቴ ሕመሜን ካወቀ ከክሬኑ ያወርደኛል። መድኃኒቱን በስሜ ካዘዙልኝ ይታወቃል። እሱን ሐኪሙ ‹ደም ሥርህ በጣም ተሻሽሏል› ሲለው ሰማሁ… ድኗል፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው በቫይታሚን የቀየርኩት።»

«መድኃኒቱን ሲያቆሙት ሕመሙ ይመለስ እንደሆነ ማንን ጠየቅህ?»

እውነተኛውን ክኒን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እናቱ አንዱን አንስተው ወደ አፉ አስጠጉለት። መርማሪዋ ማስረጃው ነው ብላ እጇን ልትዘረጋ አሰበችና ተወችው።

«እማዬ፣ የሱን እኮ ነው…»

«ዋጥ! አባትህን ቀበርኩ፣ ወንድምህን ቀበርኩ። ይቅር አልልህም፤ ግን አልቀብርህም።»

ሚስትየዋ ፊቷን አዞረች። እሱም እያለቀሰ ዋጠው።